ጣትዎን ቀለም ከማስነካትዎ በፊት

«ልጄ፣ ይቺን መታወቂያ ፎቶ ኮፒ አስደርገህ ና፤ ፊቷንም ጀርባዋንም» እለዋለሁ። ልጅየው ተነሥቶ ይወጣል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ከጠረጴዛዬ ብዙ አይርቅም፤ ጠዋት ጠዋት ግን ሰልፍ አለው። 5 ደቂቃ፣ ቢበዛ 7 ደቂቃ ይወስድበታል። እኔ የምፈልገው ያችኑ 5 ደቂቃ ነው። ወንበሬን ሳብ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «እማማ፣ ዛሬ እዚህ የመጡት ምን ለማድረግ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ኮፒ ማሽንማ እኔም አለኝ። ጠረጴዛው ሥር በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል።

ሥራዬ ውል መጻፍ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ «ውልና ማስረጃ» እያለ ከሚጠራው መሥሪያ ቤት ቅርንጫፎች በአንዱ አካባቢ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጬ 19 ዓመት ውክልና፣ ሽያጭ፣ ስጦታና ኑዛዜ ስጽፍ ኖሬአለሁ። የመንግሥት ሠራተኛ አይደለሁም፤ ጠበቃም አይደለሁም። ወረቀቱ ግን ገብቶ ማኅተም ከማግኘቱ በፊት በእጄ ያልፋል። መስኮት ላይ ለመናገር የሚከብድ ነገር እኔ ዘንድ ይነገራል። ዛሬ የምጽፈው ያንን በለሆሳስ የምናገረውን ነው። ቤት ያለው፣ ልጆች ያሉት፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ቢሰማኝ እወዳለሁ።

ለጥያቄዬ የማገኘው መልስ ብዙ ዓይነት ነው። «ካርታዬን ሊያሳድስልኝ ነው።» «ቆጣሪ ሊያስገባልኝ ነው።» «ክፍለ ከተማ መመላለስ አቃተኝ፤ ጉልበቴ እምቢ አለኝ።» እነዚህ ጥሩ መልሶች ናቸው። ሰውየው የመጣበትን ያውቃል። እጄን ከኪቦርዱ ላይ የሚያስነሣኝ ሌላው ነው፦ «እኔ እንጃ፤ ልጄ ያውቃል።»

ከልጆቹ ጋር እንዳልጣላ አንድ ነገር ላስቀድም። ክፉ ልጅ አይጠፋም፤ አይቻለሁ። አብዛኞቹ ግን ከሥራ አስፈቅደው፣ ራይድ ከፍለው፣ እናታቸውን በክንዳቸው ደግፈው ደረጃ የሚያወጡ ናቸው። ዋሽንግተን ወይም ቶሮንቶ ያሉት ደግሞ በስልክ ሆነው «እማዬ፣ አንዴ ከሄድሽ አይቀር ጠቅላላውን አድርጊውና ተገላገይ» ይላሉ። ለእናታቸው ድካም አዝነው ነው እንዲህ የሚሉት። እኔ ጠረጴዛ ላይ ያየሁት ጉዳት አብዛኛው የመጣው ከጥድፊያና ከፎርማቱ ነው።

ፎርማቱን ላስረዳዎ። እያንዳንዱ ውል ጸሐፊ ኮምፒውተር ላይ «ጠቅላላ ውክልና» የሚል ፋይል አለ። ስምና አድራሻ ይቀየርና ይታተማል፤ 10 ደቂቃ አይፈጅም። ተወካዩ በስሜ የተመዘገበውን የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዲያስተዳድር፣ እንዲያከራይ፣ እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በስጦታ እንዲያስተላልፍ፣ በዋስትና እንዲያስይዝ፣ ከባንክ ገንዘብ እንዲያወጣና እንዲያስገባ፣ በፍርድ ቤት እንዲከስና እንዲከሰስ እያለ ይወርዳል። ቆጣሪ ለማስገባት የመጡ እናት በዚያው ወረቀት ቤታቸው እንዲሸጥ ፈቅደው ይሄዳሉ። እነዚያን ቃላት እርሳቸውን አስቦ የጻፈ ሰው የለም። ምናልባት ድሮ አንድ ነጋዴ ውጭ አገር ሲሄድ ያጻፈው ይሆናል፤ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ እኛ ዘንድ ደርሷል።

ሕጉ ግን እንዲህ አልፈረደባቸውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 2203 ላይ፣ በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ከአስተዳደር ሥራ የሚያልፍ ሥልጣን እንደማይሰጥ ይደነግጋል። የአስተዳደር ሥራ ማለት ንብረት መጠበቅና ማደስ፣ ገቢ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል፣ ከ3 ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየትና የመሳሰለው ነው። ቤት ለመሸጥ፣ በመያዣ ለማስያዝ ወይም ስጦታ ለመስጠት ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል፤ ይህም ቁጥር 2205 ላይ አለ። ሕጉ በሩን ዘግቶ ቁልፉን ለባለቤቱ ሰጥቶ ነበር። ፎርማታችን «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ» የምትለዋን ሐረግ ጨምሮ ቁልፉን ያስረክባል። ስለዚህ በጆሮዎ የምልዎት ይህን ነው፦ ውክልና ሲያጽፉ ጸሐፊውን «መሸጥ መለወጥ የሚለውን አውጣልኝ» ይበሉት። ያወጣዋል። ለእርሱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ወረቀቱም ለመጡበት ጉዳይ ይበቃል።

ልጅን ፎቶ ኮፒ የመላክ ልማድ ያመጣሁት በአንዲት እናት ምክንያት ነው። ስማቸውንም ሰፈራቸውንም አልናገርም። ባለቤታቸው ከሞቱ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። ግቢያቸው ውስጥ ሦስት ሰርቪስ ቤቶች አሉ፤ የሚተዳደሩት በእነዚያ ኪራይ ነው። ልጃቸው ትሑት ጎልማሳ ነው፤ «እናቴ ከተከራይ ጋር መጨቃጨቅ ሰልችቷታል» አለኝ። እርሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። ፎርማቱን ከፈትኩ፣ ስም ቀየርኩ፣ አተምኩ። ማንበብ አይችሉም ነበር፤ እኔም ሩጫ ላይ ስለነበርኩ በችኮላ አነበብኩላቸው። አሻራ ሲሰጡ ቆሜ አየሁ። አውራ ጣታቸው ከልብስ አጠባና ከወፍጮ ብዛት ለስልሶ መስመሩ አይወጣም፤ ሦስት ጊዜ አስደገሟቸው። ሲጨርሱ ሰማያዊውን ቀለም በሌላኛው መዳፋቸው ጠረጉት። ነጠላቸው አዲስ ስለነበር እንዳይነካው ብለው ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ብቻቸውን መጡ። ሳያቸው ቤቱ ተሽጦባቸው መስሎኝ ልቤ ደነገጠ። አልተሸጠም። ልጁም ገንዘባቸውን አልበላም። ኪራዩን በቴሌብር ይቀበላል፣ መብራትና ውኃ ይከፍላል፣ ጤፍ ያስፈጫል፣ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ይገዛል፣ እድራቸውን ይከፍላል። «ታዲያ ምን ጎደለብዎ እማማ?» አልኳቸው።

«ቡና» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። «ጎረቤት ለመጥራት ግማሽ ኪሎ ቡና ልግዛ ስል ልጄን መጠየቅ አለብኝ። ከልክሎኝ አያውቅም። ግን ‹ባለፈው ሳምንት ገዝተሽ አልነበር እንዴ?› ይለኛል።» ትንሽ ዝም ብለው ቀጠሉ፦ «ድሮ ወር ሲገባ ተከራዮቼ በሬን አንኳኩተው ኪራዩን በእጄ ይሰጡኝ ነበር። ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ። የታመመባቸው ካለ ይነግሩኛል፤ የተቸገረ ካለ እስከ ሳምንት እታገሠዋለሁ። አሁን የሚያንኳኳ የለም። ባለፈው ወር አንዷ ለቅቃ ስትወጣ እቃዋ መኪና ላይ ሲጫን ነው ያወቅሁት።»

19 ዓመት ከሰማሁት ሁሉ ይህ ነው ሆዴ ውስጥ የቀረው። ያ ኪራይ ለእርሳቸው ከገንዘብም በላይ ነበር። ማን ግቢያቸው ውስጥ እንደሚኖር የሚወስኑት፣ ማንን እንደሚታገሡ የሚመርጡት፣ ለማን ቡና እንደሚያፈሉ የሚያውቁት በዚያ ነበር። ያን ሁሉ እኔ በ10 ደቂቃ ጻፍኩትና ሄደ። አዛውንት ሰው ከተራበ ይታያል፤ ጎረቤት ይደርሳል፣ ደብር ይደርሳል። በገዛ ቤቱ ፈቃድ ጠያቂ ሲሆን ግን ማን ያይለታል? ጧሪ ቀባሪ ማግኘት ትልቅ በረከት ነው፤ እኔም ልጆቼ እንዲጦሩኝ እመኛለሁ። የሚጦር ልጅ ግን እናቱን ከነማዕረጓ ቢጦራት እንዴት ያምርበታል።

ያን ቀን ያላወቁትን ነገርኳቸው። ውክልና ይሻራል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2226 ወካዩ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን መሻር እንደሚችል፣ ይህን የሚከለክል ስምምነት ቢኖርም እንደማይጸና ይናገራል። ተወካዩ አብሮ መምጣት የለበትም። ምክንያት መስጠትም አያስፈልግም። የውክልና መሻሪያ የሚባል አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ዋናው ቁም ነገር ከዚያ በኋላ ነው፦ ኮፒውን ለተወካዩ፣ ለባንኩና ውክልናው ለሠራባቸው ቢሮዎች ሁሉ ማድረስ፤ የድሮውንም ወረቀት ከተወካዩ እጅ መቀበል። መሻሩን ያልሰማ ባንክ በአሮጌው ወረቀት ሊያስተናግድ ይችላል። እናትየዋ ይህን ሁሉ ሰምተው ተነሡ። «ይቀየመኛል» ብለው ምንም ሳያጽፉ ሄዱ።

ልጅ ይቀየማል ብሎ መፍራት እንደማያስፈልግ ያሳዩኝ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ይዘው ነበር። ሴት ልጃቸውን አስከትለው ገቡ፤ እጃቸው ላይ የተማሪ ደብተር አለ። ውክልናው ምን እንደሚል በትልልቅ ፊደል ጽፈውት መጥተዋል፦ መብራትና ውኃ እንድትከፍል፣ የአንዱን ክፍል ኪራይ እንድትቀበል፣ ከባንክ በወር ከ6,000 ብር ያልበለጠ እንድታወጣ፣ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 30፣ በየወሩ መጨረሻ ሒሳቡን እንድታሳያቸው። ሌላ ምንም የለም። ልጅቱ ሳነብላቸው ፊቷ ጠቆረ። «አባዬ፣ አታምነኝም ማለት ነው?» አለቻቸው።

«ባላምንሽ ለአንድ ቀንም አልሰጥሽም ነበር» አሏት። «ቀን ያስጻፍኩት ዓይኔ ተመልሶ እንደሚያይ ስለማምን ነው።»

ልጅቱ ሳቀችና እጃቸውን ያዘች። ከዚያ በኋላ ስንቱን ውክልና በእርሳቸው ልክ እንደጻፍኩ አልቆጠርኩትም። ሒሳብ ማሳየትን ማስጻፋቸው ከሕጉም ጋር ይገጥማል፤ ተወካይ በተጠየቀ ጊዜ ሁሉ ለወካዩ ሒሳብ የማቅረብ ግዴታ አለበት። እኛ አገር ልጅን ሒሳብ መጠየቅ ነውር ይመስለናል። ገና ከመነሻው ወረቀቱ ላይ ከሰፈረ ግን ማንም በማንም ላይ አይቆጣም፤ የወር ልማድ ይሆናል።

ስጦታ ደግሞ ከውክልና የከበደ ነው። ብዙ ወላጆች «ስሞት ልጆቼ እንዳይካሰሱ» ብለው በሕይወት ሳሉ ቤታቸውን በስጦታ ለማስተላለፍ ይመጣሉ። አሳባቸው ይገባኛል። ስጦታ ግን የዛሬ ነው፤ ነገ ጠዋት ካርታው በልጅ ስም ነው። ልጁ ዕዳ ቢገባ አበዳሪ ወደዚያ ቤት ይመጣል። አያድርገውና ልጁ ቢቀድም፣ ቤቱ ወደ እርሱ ወራሾች ያልፋል፤ ወላጅ በገዛ ሳሎኑ እንግዳ ይሆናል። ስጦታን መመለስ የሚቻለው ሕጉ በሚያውቃቸው ምክንያቶች ነው፤ ለምሳሌ ተቀባዩ በለጋሹ ላይ ከባድ ክፋት ሲፈጽም። ይህም የገዛ ልጅን ፍርድ ቤት ማቆም ማለት ነው። ስንት እናት ይህን ታደርጋለች?

የግድ ስጦታ ይሁን የሚል ካለ አንዲት ቃል አለች፤ ይያዟት፦ አላባ። ቤቱን ለልጅ ሰጥቶ በዚያ ቤት የመኖርና ኪራዩን የመብላትን መብት እስከ ዕለተ ሞት ለራስ ማስቀረት ይቻላል። ሕጉ ያውቀዋል፤ ባለመብቱ እስኪሞት ድረስም ይቆያል። እኔ በፊት ካልተጠየቅሁ አልጽፈውም ነበር፤ አሁን ሳልጠየቅ አነሣዋለሁ። ሲያስጽፉት በቤቱ ማኅደር ላይ መመዝገቡን ሳያረጋግጡ ወደ ቤትዎ አይመለሱ። የትዳር ጓደኛዎ በሕይወት ካሉ ደግሞ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት የጋራ ቤት ያለሁለታችሁ ስምምነት አይተላለፍም። «አባታችሁ ከፈረመ ይበቃል» የሚል ሰው ካለ አይስሙት።

ለብዙ ሰው የሚበጀው ኑዛዜ ነው። የፈለጉትን ያህል ጊዜ ይቀይሩታል፤ «አልቀይረውም» ብለው ቃል ቢገቡ እንኳ ቃሉ አይጸናም። እስከ መጨረሻዋ ቀን ቤቱ የእርስዎ ነው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በእርስዎና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡና ቀኑም እዚያው ይጻፋል፤ እርስዎና ምስክሮቹም ወዲያው ትፈርማላችሁ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ሰነድ አረጋጋጭ ከሆነ 2 ይበቃሉ። በገዛ እጅዎ የሚጽፉት ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ጽሑፍ መሆንና ኑዛዜ መሆኑን መናገር ይኖርበታል። እርሱም በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ ሰነድ አረጋጋጭ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይወድቃል። ትራስ ሥር 20 ዓመት የኖረ ኑዛዜ ይዘውልኝ የመጡ ወራሾች አሉ፤ ፊታቸውን ማየት ያሳዝናል። ባልና ሚስትም ተያይዘው መጥተው «50 ዓመት በአንድ ቤት ኖረናል፣ በአንድ ወረቀት ጻፍልን» ይሉኛል። ደስ ይለኛል፤ ግን ሁለት ሰው በአንድ ወረቀት የተናዘዙት ኑዛዜ ዋጋ የለውም። ለየብቻ እጽፍላቸዋለሁ፤ ጎን ለጎን ቁጭ ብለው ይፈርሙታል።

«አርጅታለች፤ አሁን እንደ ልጅ ናት» ሲባል ስሰማ እናደዳለሁ። ሕጉ 18 ዓመት የሞላው ሰው ችሎታ አለው ይላል፤ ላይኛው ጫፍ ላይ ያስቀመጠው ዕድሜ የለም። 70ም ይሁን 90 ሰው በራሱ ጉዳይ አዛዥ ነው። በአእምሮ ሕመም ምክንያት ያንን ሊወስድ የሚችል ፍርድ ቤት ብቻ ነው፤ ልጅ ወይም ጎረቤት ወይም ውል ጸሐፊ አይችልም። መርሳት፣ ጆሮ መክበድ፣ ቀስ ብሎ መናገር ችሎታ ማጣት አይደለም። ቀስ ብለው ለሚናገሩ ሰው የሚያስፈልጋቸው የሚጠብቃቸው ሰው ነው። ማንበብ ካልቻሉ ደግሞ ወረቀቱን ያመጣዎት ሰው ሳይሆን ሌላ ሰው ያንብብልዎ፤ ካልገባዎ ደግሞ ያስደግሙት። ውስጥ ያለው ሠራተኛ «ፈቅደው ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው እርስዎን ነው፤ መልሱንም ከእርስዎ አፍ ይስማው።

ትንንሹን ነገር የናቀ ሰው ትልቁን አጥቶ አይቻለሁ። የቴሌብር ሚስጥር ቁጥርዎን ራስዎ ያውጡት፤ ደብተር ላይ የሚጻፍ ከሆነም ደብተሩ የእርስዎ ሳጥን ውስጥ ይሁን። የባንክ ደብተርና ካርታ ያለበት ቁም ሣጥን ቁልፍ አንገትዎ ላይ ይዋል። እድር ልጅ ቢከፍልልዎም ስብሰባው ላይ ራስዎ ይገኙ፤ ሰው መኖርዎን የሚያውቀው እዚያ ነው። ኑዛዜዎ የት እንዳለ ለእድሩ ዳኛ ወይም ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ ይዘቱን መናገር አይጠበቅብዎትም።

ያቺ እናት ከስምንት ወር በኋላ ተመለሱ። አሁንም ብቻቸውን ነበሩ። «ያን የነገርከኝን ወረቀት ጻፍልኝ» አሉ። መሻሪያውን ጻፍኩ፤ ቀስ ብዬ አነበብኩ፤ ሁለተኛ እንዳነብ ጠየቁኝ፤ አነበብኩ። ከዚያ ሌላም አሳብ እንዳላቸው ነገሩኝ፦ ልጃቸው መብራትና ውኃ መክፈሉን፣ ክፍለ ከተማ መመላለሱን ይቀጥል፤ ኪራዩ ግን ወደ እጃቸው ይመለስ። ያንንም በልዩ ውክልና አዘጋጀሁ። አሻራው ዛሬም እንደዚያው አስቸገረ። አራተኛው ላይ ወጣ።

ከመሥሪያ ቤቱ ሲመለሱ መቀመጫው ጫፍ ላይ አረፍ ብለው ጣታቸውን ጠረጉና ኮፒ ጠየቁኝ። ጨርቁን ገልጬ ማሽኑን አስነሣሁ። «ሦስት አድርግልኝ» አሉ። «አንዱ ለባንክ፣ አንዱ ለእኔ። የልጄን ራሴ እሰጠዋለሁ፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ቡና ላይ።»